መሸኛ የሌላት እንግዳ

ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት አንድ ዓመት ከሦስት ወር የከረመች እንግዳ ነበረችን። ይህን ስናገር ሰው ይስቅብኛል፤ ይህን ያህል የሚከርም ምን ዓይነት እንግዳ ነው ይለኛል። እኔ ግን ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ እንግዳ ናት ካለች እንግዳ ናት፣ አለቀ።

ስሟ ደሳለች ነው። ባሏ በሞተ በዓመቱ፣ የእኔ እኩያ የሆነች ትእዛዝ የምትባል ልጇን ይዛ ከላይ ጋይንት ገጠር ወደ ደብረ ታቦር መጣች። ወደ ቤታችን ያመጣቻት እናቴ ፈንታነሽ ናት። ጉልት ተቀምጣ ድንች ስትቸረችር፣ እናትና ልጅ አጠገቧ ቆመው ዝናብ ሲመታቸው አይታ አዘነችላቸው። ይህን ለእናቴ እመሰክርላታለሁ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ለእሷ የምመሰክርላት ሌላ ብዙ ነገር ስለሌለ አስቀድሜ ልናገረው ብዬ ነው።

ቤታችን አንዲት የቀበሌ ክፍል ነበረች። ግድግዳዋ ጭቃ ነው፣ ቆርቆሮዋን ዝገት በልቶታል፤ ክረምት ሲገባ ከጉና የሚወርደው ብርድ በበሩ ሥር ሰተት ብሎ ይገባል። አባቴ ዳኛቸው ከሞተ በኋላ የቀረን እሷ ክፍልና የድንቹ ጉልት ነበሩ። እኔና እናቴ አልጋው ላይ እንተኛለን። ደሳለችና ትእዛዝ በበሩ በኩል ጆንያ አንጥፈው ይተኛሉ። መሀላችን አበባ ያለበት መጋረጃ አለ።

እንግዳ እንደ ደሳለች ሲያገለግል ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ገና ጎህ ሲቀድ ተነስታ ከቦኖ ውኃ ትቀዳለች፣ ደጁን ትጠርጋለች፣ የእናቴን ድንች ጉልቱ ድረስ ተሸክማ ታደርሳለች። ከዚያ ዩኒቨርሲቲው ወደሚሠራበት ሄዳ እስከ ማታ ድንጋይ ስትሸከም ትውላለች። የጋይንት ሰው እንግድነቱ እንዲህ ነው ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ወር ባለቀ ቁጥር ደግሞ የእናቴን እጅ በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ትጨብጣለች፤ እናቴም የተጨበጠ እጇን ሳትከፍት ወደ መቀነቷ ትወስደዋለች። የአክብሮት ሰላምታ ይመስለኝ ነበር። ለካ ኪራይ ነው። ከበር ጀርባ ላለች የአንድ ጆንያ ስፋት መሬት ኪራይ።

ጎረቤታችን ሩቅያ የልብስ ሰፊው የየሱፍ ሚስት ናት፤ ከእናቴ ጋር ሲቀላለዱ ነው የሚውሉት። አንድ ቀን ሩቅያ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ እንግዳሽ የምትሄደው መቼ ነው ብላ ጠየቀቻት። እናቴም ሳቅ ብላ፣ እንግዳ መጀመሪያ ቀን ወርቅ፣ ሁለተኛ ቀን ብር፣ ሦስተኛ ቀን ብረት ነው ይሉ የለ፣ የእኔዋማ ከብረትም አልፋ ዝጋለች አለቻት። እኔ እዚያው ድስት እያጠብኩ ነበር። ደሳለችን እወዳት ስለነበር ነገሩ ከነከነኝ። ማታ ከሥራ ስትመለስ ተረከዟ ተሰነጣጥቆ፣ ቅንድቧ በድንጋይ አቧራ ነጥቶ ሳያት በእርግጥም የዛገች መሰለኝ። ወርቅ ወደነበረችበት ወደዚያ ወደ መጀመሪያው ቀን የምመልሳት እንዴት አድርጌ ነው እያልኩ ስንት ቀን አሰብኩ። ይህን ሐሳቤን አትርሱብኝ።

ሁለተኛው ያልገባኝ ነገር መሸኛ ነው። አንድ እሑድ እናቴና ደሳለች የበሰበሰውን ድንች ከደህናው እየለዩ ሲያወሩ ሰማሁ። እናቴ ለምን መታወቂያ አታወጭም ስትላት ደሳለች መሸኛ የለኝም አለቻት። ለምን ሄደሽ አታመጭም ስትላት ደሳለች የያዘችውን ድንች አስቀመጠችው።

«መሸኛውን የሚጽፈው የባሌ ወንድም ነው፣ እታለም። የቀበሌው ሊቀ መንበር እሱ ነው። መሬቱን ለቅቄያለሁ ብለሽ ፈርሚና እጽፍልሻለሁ ይለኛል። እሱን የፈረምሁ ለታ ትእዛዝ የአባቷ ልጅ መሆኗ ቀረ።»

እኛ ቤት መሸኛ ማለት ሌላ ነበር። አክስቴ ከእስቴ መጥታ ስትመለስ እናቴ ዳቦ በጨርቅ ቋጥራላት እስከ መናኸሪያ ትሸኛታለች፤ መኪናው እስኪታጠፍ ድረስም እጇን ታውለበልባለች። ስለዚህ ደሳለች መሸኛ የለኝም ስትል፣ ከአገሯ ስትወጣ የሸኛት ሰው የለም ማለት ነው አልኩ። አንዲት ዳቦ የሚቋጥርላት ሰው እንዴት ይጠፋል? መጋረጃው ኋላ ገብቼ አለቀስኩ።

ዛሬ እዚያው ቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ የነዋሪዎች መዝገብ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። በቀን አሥርና አሥራ አምስት መሸኛ እጽፋለሁ። አንድ ሰው ከነበረበት ቀበሌ ወጥቶ ሌላ ቀበሌ ሲገባ ማንነቱን የሚናገርለት፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው። ያኔ ያለቀስኩበትን ሳስበው ግን ያን ያህልም አልተሳሳትኩም። የሸኛት ሰውም አልነበረም።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ አንድ የእርዳታ ድርጅት የሠፈሩን «የድሃ ድሃ» ሊመዘግብ ነው የሚል ወሬ ተነዛ። ሰንበት ትምህርት ቤት ንጉሠ ነገሥት ማለት የነገሥታት ንጉሥ ነው ብለው አስተምረውናል፤ የድሃ ድሃም ከድሆች ሁሉ በላይ የተሾመ መሰለኝ። የሠፈሩም ሰው ሹመት እንደሚጠብቅ ሰው ሆኖ ሰነበተ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ አስናቀ፣ ጥቁር ጃንጥላ የማይለያቸው ጡረተኛ፣ በመንገድ ሲያልፉ እናቶች ሁሉ ከተቀመጡበት ይነሱላቸው ጀመር።

መዝጋቢዎቹ በሚመጡበት ዕለት ጠዋት ሬዲዮናችን፣ ሁለቱ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ብርድ ልብሳችንና ትልቁ ድስት በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ሩቅያ ቤት ተሻገሩ። እንግዳ ሲመጣ ዕቃ ሲወጣ እንጂ ሲደበቅ አይቼ ስለማላውቅ እናቴ ያመማት መሰለኝ። ደህናውን ነጠላዋን አውልቃ የተቀደደውን ለበሰች። ሩቅያ ድስቱን እየተቀበለች፣ «ፈንታነሽ፣ ያንቺን ዕቃ ከእኔ ቤት እያከማቸሽ እኔን ሀብታም ብለው እንዳይጽፉኝ» አለቻት። ሁለቱም ሳቁ። ሩቅያም በኋላ እውነትም አልተመዘገበችም፤ ሁለት ሬዲዮ ተገኝቶባት ነው።

ከዚያ በፊት በነበረው ቀን እናቴ ደሳለችን አስቀምጣ አነጋግራት ነበር። አንቺን መታወቂያ ስለሌለሽ አይመዘግቡሽም፣ ልጅቱ ግን በእኔ ስም ትግባ፣ ሰው በበዛ ቁጥር እርዳታው ይበዛል፣ የመጣውን እንካፈላለን አለቻት።  ደሳለች «እግዜር ይስጥልኝ፣ እታለም» አለች። ከዚያ እናቴ እኔን ወደ ጓሮ ወስዳ ሁለት ነገር አስጠናችኝ። ደሳለችን ማን ናት ካሉሽ እንግዳ ናት ትያለሽ፤ ትእዛዝን ማን ናት ካሉሽ እህቴ ናት ትያለሽ።

ሁለቱም ደስ አሰኙኝ። እህት ስመኝ ነው የኖርኩት። እንግዳ ደግሞ የእግዜር ነው፤ ከእንግዳ በላይ የሚከበር ሰው እኛ አገር የለም። በቀበሌ ቤት ደባል ማስቀመጥ ክልክል እንደሆነ፣ ደባል የተገኘበት ሰው ቤቱን እንደሚነጠቅ ማን ይነግረኛል? እናቴ እንግዳ የሚለውን ቃል የመረጠችው ለደሳለች ክብር ሳይሆን ለጣሪያዋ ስትል ነበር። በእርግጥ ጣሪያው የሁላችንም ነው። ይህን ስል ለእናቴ መሟገቴ ይሁን እሷን መክሰሴ እስከ ዛሬ ለእኔም አልለየልኝም።

መዝጋቢዋ ከሌላ አገር የመጣች ቀጭን ወጣት ሴት ናት። አቶ አስናቀ ጃንጥላቸውን አጥፈው በሩ አጠገብ ቆሙ፤ እሷ መደቡ ላይ ተቀምጣ ትልቅ መዝገብ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። እናቴ ስሟን፣ የእኔን ስም፣ ከዚያ «ትእዛዝ ዳኛቸው» ብላ አስመዘገበች። ትእዛዝ የእኔን እጅ ይዛ ቆማለች። አባቷ ማሩ እንደሚባል አውቃለሁ፤ ግን እህቴ ከሆነች የአባቴ ልጅ መሆኗ ተገቢ መሰለኝ።

ወጣቷ መጋረጃውን አየችው። ወደ እኔ ዞራ ፈገግ አለችና በዚያ በኩል የሚተኛው ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«እንግዳ ናት» አልኩ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ።

ያን ጊዜ ደሳለች መጣች። ምዝገባ መሆኑን ከሥራ ቦታ ሰምታ የቀኑን ሥራ ትታ ሮጣ ነው የመጣችው፤ ላቧ በአቧራው ላይ መንገድ ሠርቷል። ደፉ ላይ ቆማ ለአቶ አስናቀ እጅ ነሳች። ወጣቷ እግሯን አየች፣ እጇን አየች፣ ስሟንና አገሯን ጠየቀቻት። ከዚያ እስክሪብቶዋን መዝገቡ ላይ እንዳኖረች ወደ አቶ አስናቀ ዞረች።

«እንዲህ ሰው ቤት ተጠግተው የሚኖሩ ሴቶች ቅድሚያ አላቸው። መታወቂያም ባይኖራት ስድስት ወር እዚህ መኖሯን የሚመሰክርላት ሰው ካለ እይዛታለሁ።»

አቶ አስናቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይህ የቀበሌ ቤት ነው» አሉ፤ «ደባል አይፈቀድም።» ይህን ሲሉ ያዩት እናቴን ነበር። ደሳለች እዚህ እንደምትኖር እሳቸው አሳምረው ያውቃሉ፤ ስንት ቀን ድንች አሸክመዋት ቤታቸው አድርሳለች።

እናቴ መሬት መሬት አየች። ደሳለች እናቴን አየች።  እኔ የገባኝ ይህ ብቻ ነበር፤ ደሳለች ስንት ጊዜ እንደቆየች እየተጠየቀ ነው፣ ብዙ ቆይታለች ከተባለ ብረት መሆኗ በመዝገብ ሊጻፍ ነው። ስጠብቀው የነበረው ጊዜ መጣ አልኩ።

«ትናንት ነው የመጣች» አልኩ።

ይህን ያስጠናኝ ሰው የለም። የራሴ ነው። ወርቅ ላደርጋት ብዬ ነው።

ወጣቷ ወደ ደሳለች ዞረች። «እውነት ነው?»

 ደሳለች ዘጠኝ ወር ነው ብትል እናቴ ከቤቷ ትወጣለች፤ እናቴ ከወጣች እሷም ትወጣለች። ይህን ሁሉ በዚያች ቅጽበት አስባው ይሆናል።

«ልጅ መቼ ይዋሻል» አለች። «ትናንት ነው የመጣሁ።»

«ልጅ አለሽ?»

የትእዛዝ እጅ እጄ ውስጥ ነበር። እናቷ ዞራ አላየቻትም።

«የለኝም» አለች ደሳለች።

ትእዛዝ እጄን እስኪያመኝ ጨበጠችው።  ወጣቷ መዝገቡን ዘግታ አመሰግናለሁ አለች፤ አቶ አስናቀም ጃንጥላቸውን ዘርግተው ተከትለዋት ወጡ። እኔ ደሳለች እቅፍ አድርጋ የምትስመኝ መስሎኝ ቆሜ ጠበቅሁ።

ከሰዓት በኋላ ዕቃው ከሩቅያ ቤት ተመለሰ። እናቴ ወንበሩን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ደሳለችን ተቀመጭ አለቻት። ደሳለች እኛ ቤት ወንበር ላይ ስትቀመጥ የዚያን ቀን ገና አየሁ። እናቴ ቀይ ወጥ ሠርታ ከፊት ለፊቷ አቀረበችላት፣ ብዪ ብዪ እያለች ለመነቻት፣ በእጇም አጎረሰቻት። ተሳካልኝ ብዬ ፈነደቅኩ። በአንድ ቃል ወርቅ አደረግኳት አልኩ። ደሳለች ጉርሻውን ብዙ ጊዜ ስታኝከው ትዝ ይለኛል፤ መዋጥ እንዳቃታት ያወቅኩት በስንት ዓመቴ ነው።

ያን መዝገብ አግኝቼዋለሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ዕቃ ቤቱ ሲጸዳ ከአሮጌ ወረቀቶች መሀል ወጣ። የእኛን ቤተሰብ የያዘው ገጽ ላይ ሦስት ስም አለ። ከሦስተኛው በታች በአራተኛው መስመር «ደሳ» የሚል ተጽፎ በአንድ ሰረዝ ተሰርዟል። ወጣቷ ምስክር ሳትጠብቅ መጻፍ ጀምራ ነበር ማለት ነው። ሁለት ፊደል ቀርቷት ነበር።

እርዳታው መጣ። በየወሩ ለሦስት ሰው ዱቄትና ዘይት፣ ለሁለት «እህትማማች» ደብተርና ዩኒፎርም። መጀመሪያ እናቴ እኩል አካፈለች። ሁለተኛው ወር ላይ ለደሳለች የደረሳት ትንሽ አነስ ያለ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ደሳለች ራሷ አትጠይቅም። ትእዛዝ ከእኔ ጋር ትምህርት ቤት ገባች። መምህሩ «ትእዛዝ ዳኛቸው» ብለው ሲጠሩ አቤት አትልም ነበር፤ እኔ ነኝ በክርኔ የምጎሽማት። የምትጠራው እሷ መሆኗን ልብ የማትል ፈዛዛ እያሉ ይስቁባት ነበር። እኔም ስቄባታለሁ።

ግንቦት ላይ ደሳለች ድንጋይ እግሯ ላይ ወደቀባት። ሦስት ሳምንት ጆንያዋ ላይ ተኛች። ቆማ መሄድ ስትችል እኔን ይዛ፣ ትከሻዬን እየተደገፈች፣ አቶ አስናቀ ቤት ሄደች። አሁን ሥራ መሥራት አልቻልሁም፣ በሁለተኛው ዙር ያስገቡኝ ብላ ለመነቻቸው። እሳቸውም ክፉ ሰው አይደሉም፤ እንድትቀመጥ ድንጋዩን በጃንጥላቸው አመለከቷት፣ ከኪሳቸውም ደብተር አወጡ። እዚህ ያለሽው እንግዳ ተብለሽ ነው አሏት። ልጅ የለኝም ብለሻል። መሸኛም የለሽ። እኔ በምን ቃል ላስገባሽ? ደሳለች ትከሻዬን ይዛ ተነሳች። ስንመለስ ትከሻዬ ላይ የነበረው እጇ ከብዶኝ ነበር፤ ደከመኝ ብዬ አጉረመረምኩባት።

ዛሬ ስለ ከተማ ድህነት ስብሰባ ሲጠራ ሄጄ ቁጭ እላለሁ፤ ቁጥር በሰሌዳ ይጻፋል። የድሃ ድሃ ይህን ያህል ነው ይባላል። ድሃ ተብሎ ለመጻፍም አድራሻ ያስፈልጋል። ቤት ያለው ድሃ ይጻፋል፤ እሱ ቤት ከበር ጀርባ የተኛችው ደግሞ የእሱን ቁጥር ታበዛለች። ይህን አንድ ቀን እጄን አውጥቼ ልናገር ብዬ ነበር፣ ሳልናገር ሻይ ዕረፍት ሆነ።

ሐምሌ ላይ የድርጅቱ ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ሊያረጋግጡ ነው ተባለ። እናቴ ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰዳትም። በሦስተኛው ቀን ደሳለችን ለብቻዋ አድርጋ፣ ሌላ ቦታ ብትፈልጊ፣ ቤቴን ልጣ ወይ፣ አለቻት። ልጅቱ ግን ትቅር፣ ትማር፣ ስሟም በእኔ ነው ያለው፣ እኔው አሳድጋታለሁ። እኔ ይህን ከደጅ ሆኜ ስሰማ ደሳለች እሺ እንድትል በልቤ ለመንኩ፤ እህቴ እንዳትሄድብኝ።

ደሳለች ድምፅዋን አላነሳችም። «አንድ ጊዜ ክጃታለሁ» አለች። «ሁለተኛ አልክዳትም።»

በማግሥቱ ጠዋት ዕቃቸውን በአንድ ጆንያ ቋጠሩ። ሐሙሲት ገበያው ትልቅ ነው፣ ሥራ አይጠፋም ብሏት ነበር አብሯት ድንጋይ ይሸከም የነበረ ሰው። ትእዛዝ ዩኒፎርሟን አውልቃ አጣጥፋ አልጋችን ላይ አስቀመጠችው። እናቴ ጉልቱን ሰበብ አድርጋ በጠዋት ወጥታ ነበር። እኔ ግን ለዚህ ቀን ስዘጋጅ ነው ያደርኩት። ስድስት ድንች ቀቅዬ፣ ጨው ነስንሼ፣ በጨርቅ ቋጥሬ ተከተልኳቸው። ደሳለች እያነከሰች፣ ትእዛዝ ጆንያውን እየጎተተች፣ እኔ ቋጠሮዬን አቅፌ መናኸሪያ ደረስን። ሚኒባሱ ሊሞላ ሲል ቋጠሮውን ሰጠኋት።

«እትዬ ደሳለች፣ ይኸው መሸኛሽ» አልኳት። «አሁን መሸኛ የለኝም አትይም።»

ሳቀች። ጥርሷን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ደስ የሚል ጥርስ ነበራት። ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ ቆመ። ግንባሬን ስማ «ተባረኪ» አለችኝ። «ይህን ይዤ ብሄድ የሚቀበለኝ ቀበሌ ባገኝ።»

ቀበሌ ድንች ምን ያደርግለታል ብዬ አሰብኩ። ትእዛዝ ወንበሯ ላይ ሆና በመስኮቱ አየችኝ፤ እጄን አውለበለብኩ። እሷ አላውለበለበችም።

ሊያረጋግጡ የመጡት ሰዎች እህትሽ የት ሄደች ሲሉኝ አክስቴ ዘንድ አልኳቸው። ይህኛውን እናቴ አስጠንታኛለች። ስሟም ሳይሰረዝ ቀረ። ሁለት ዓመት ሙሉ በትእዛዝ ስም ዱቄትና ዘይት ወሰድን። የእኔ ዩኒፎርም ሲያልቅ የእሷን ለበስኩ፤ ልኬ ነበር። እናቴ በመጨረሻ ከድርጅቱ መቋቋሚያ ተሰጥቷት ከጉልት ወደ ሱቅ ገባች፣ እኔም ተምሬ ዲፕሎማ ያዝኩ። ከድህነት የወጣን ቤተሰብ ተብለን ፎቶ ተነስተናል። ሦስት ሰው ተብሎ ሁለት ሰው የቆመበት ፎቶ ነው።

ባለፈው መስከረም፣ አንድ ማክሰኞ፣ በመስኮቴ በኩል አንዲት ሴት ተራዋ ደርሶ ቆመች። ስሟን ጠየቅኳት።

«ትእዛዝ ዳኛቸው» አለች። አስከትላም «ትሕትና፣ አንቺ ነሽ» አለችኝ።

አወቅኳት። ዓይኗ የእናቷ ነው። ደህና ነሽ፣ እናትሽስ አልኳት። ደሳለች ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል አለችኝ፤ ምን አመማት ስላት ምኑን አውቄው፣ ማን አሳከማት አለች። እሷ በአሥር ዓመቷ ባሕር ዳር ሰው ቤት ተቀጠረች። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ስትዞር አድጋ አሁን ሐሙሲት ተመልሳ ትኖራለች። የሰባት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት። ትምህርት ቤት የልጅቱን የልደት ምስክር ወረቀት ይጠይቃል፤ ለልደቱ የእናት መታወቂያ ይጠየቃል፤ ለመታወቂያው ደግሞ መሸኛ። የእናቷ አገር ሄዳ ጠይቃ ነበር፣ አናውቅሽም አሏት። በዚች ምድር ስሟ የተጻፈው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እኛ ቀበሌ፣ እናቴ ገጽ ላይ። የትምህርት ቤቱ ምዝገባ ዓርብ ያበቃል።

ቅጹን አውጥቼ መጻፍ ጀመርኩ። የእናት ስም የሚለው ጋ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። ይህ ሊስተካከል ይችላል አልኳት፤ ፍርድ ቤት ይኬዳል፣ እናቴ ቀርባ ያኔ ያስመዘገብኩት ሐሰት ነው ትላለች፣ ወራት ይፈጃል እንጂ ይሆናል።

«እናትሽ መጥታ እንዲህ ትላለች?»

እናቴ ዛሬ በእድሯ የተከበረች፣ ሰው የምታስታርቅ ሴት ናት። ጠይቄያት አታደርገውም ብል ውሸት ነው፤ እንደማልጠይቃት አወቅኩ። አፈርኩ፣ ዓይኔንም ወደ ቅጹ መለስኩ።

«እንግዲያው ያለውን ጻፊ» አለች ትእዛዝ።

ጻፍኩ። የእናት ስም፣ ፈንታነሽ። ማኅተሙን መትቼ በመስኮቱ ሰጠኋት። ሁለተኛ ክፍል ሳትደርስ ነው ያቋረጠችው፤ በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ አነበበች። ጣቷ አንድ ቦታ ቆመ።

«እናቴ የትም የለችበትም።»

«መዝገቡ ላይ የለችም» አልኳት።

«አዎ» አለች። «እንግዳ ነበረች።»

ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ልትከተው ስትል ከወንበሬ ተነሳሁ። ከኋላዋ ያሉት ሰዎች ያጉረመርማሉ። ቆይ አብሬሽ ልምጣ፣ እስከ መናኸሪያ ልሸኝሽ አልኳት። ድምፄ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ድምፅ ነበር።

ትእዛዝ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ።

«ሸኝተሽኝ የለ፣ እህቴ» አለችና ሄደች።